የአራዳ እንደራሴዎች፤ በአሮጌው የአዲስ አበባ እምብርት ማን ሊመረጥ ይችል ነበር?

ስለ ምርጫ የሚጽፉ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቁት ስንት ሰው ድምፅ ሰጠ፤ ማንስ አሸነፈ ብለው ነው። እኛ ግን የአራዳን የምርጫ ታሪክ ስንመረምር ከእነዚህ አስቀድሞ ሌላ ጥያቄ ማንሣት ግድ ሆነብን። ይኸውም ለመመረጥ የሚችለው ማን ነበር የሚል ነው። የአራዳ ነዋሪ የመምረጥ መብት በሕግ ከተሰጠው ከ60 ዓመት በላይ ሆኖታል። ነገር ግን በድምፅ መስጫው ቀን ከፊቱ የሚቀርብለት ሰው ማን እንደሚሆን በየዘመኑ አስቀድሞ የወሰነው ሌላ ደንብ ነው፤ የዚህም ጽሑፍ ጉዳይ ያ ደንብ ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመቶች፣ የፈረንጅ መሆኑን ለይተን ካልተናገርን በቀር፣ በኢትዮጵያ አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ወሰኑን አስቀድመን እንግለጽ። ዛሬ አራዳ ክፍለ ከተማ የሚባለው አራት ኪሎን ጭምር የሚይዝ ሰፊ አስተዳደር ነው። የቀድሞው ሰው አራዳ ይል የነበረው ግን በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ይቆም የነበረውን ታላቅ ገበያና ከዚያ ጋራ የተያያዙትን ሰፈሮች ነው። ጣልያኖች በወረራው ዘመን የአገሬውን ገበያ ወደ ምዕራብ አዛውረው መርካቶን ሲያቋቁሙ የአራዳው እምብርት ፒያሳ ተባለ፤ ስሙም ጣልያን ከወጣ በኋላ ጸንቶ ቀረ።

የሰፈሮቹን ስም ልብ ብሎ ለሚሰማ ሰው የነገሩ ፍሬ እዚያው ይገኛል። አንዳንዱ ሰፈር የሚጠራው በባለ ርስቱ ስም ነው፤ ደጃች ውቤ ሰፈር እንደሚባለው። ሌላው ደግሞ የሚጠራው በነዋሪው ሥራ ወይም በኑሮው ነው፤ ሠራተኛ ሰፈር፣ ዶሮ ማነቂያ፣ እሪ በከንቱ እንደሚባሉት። መሬቱ በቀድሞው ልማድ ለመኳንንቱ ተሰጥቶ፣ በየመኳንንቱ ግቢ ዙሪያ ደግሞ አሽከሩ፣ ባለ እጁ፣ ነጋዴውና ከገጠር የመጣው ሁሉ ይሰፍር ነበር። እንግዲህ አራዳ ከመጀመሪያው የባለቤትና የተከራይ ከተማ ነበረች ማለት ነው። ይህን ከያዝን በኋላ የምርጫው ሕግ በእርስዋ ላይ ምን እንደ ሠራ መረዳት አያዳግትም።

ምርጫ የሚባል ነገር ሳይታወቅ በፊት የአራዳ ሰው ከመንግሥት ጋራ የሚገናኘው በነጋድራሱ በኩል ነበር። ነጋድራሱ ቀረጡን ይሰበስባል፤ በነጋዴዎች መካከል የተነሣውን ክርክር ይዳኛል። ጸጥታውን የሚጠብቀው የአራዳ ዘበኛ ነው። ነጋድራሱን የሚሾመው ንጉሠ ነገሥቱ እንጂ ገበያተኛው አልነበረም፤ ዳሩ ግን ገበያተኛው አቤት የሚልበትን ደጅ አሳምሮ ያውቅ ነበር። ይህን የምንለው የጥንቱን ለማሞገስ አይደለም። አቤት የሚባልበት ደጅ መታወቁና እንደራሴ መኖሩ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ለማመልከት ነው።

ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. የተፈረመው የመጀመሪያው ሕገ መንግሥት ሁለት ምክር ቤቶችን አቋቋመ። የሕግ መወሰኛው ምክር ቤት አባሎች በንጉሠ ነገሥቱ የሚሾሙ ናቸው። የሕግ መምሪያው ምክር ቤት አባሎች ደግሞ ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ እስኪችል ድረስ በመኳንንቱና በአገር ሹማምንቱ እንዲመረጡ ተደነገገ። ሕዝቡ ለመምረጥ መቻሉ በምን እንደሚታወቅና ማን እንደሚፈርድ ሕጉ አልተናገረም። በአራዳ ረገድ ነገሩ ያስገርማል። በዚያ ዘመን ጋዜጣ የሚነበብበት፣ ባንክ የቆመበት፣ ከውጭ አገር ነጋዴ ጋራ በውል የሚሠራበት ስፍራ ከአራዳ የሚበልጥ በኢትዮጵያ ብዙ አልነበረም፤ ነገር ግን በዚህ በኩል የአራዳ ነጋዴና የሩቅ ገጠር ገበሬ አንድ ሆነው ተቈጠሩ። ጠላት ሲወርረን ምክር ቤቱ ተዘጋ፤ ነጻነት ከተመለሰ በኋላ በ1935 ዓ.ም. እንደገና ሲከፈትም እንደራሴዎቹ የሚመጡት በቀጥታ በሕዝብ ድምፅ አልነበረም።

ዋናው ለውጥ የመጣው ጥቅምት 24 ቀን 1948 ዓ.ም. በታወጀው በተሻሻለው ሕገ መንግሥት ነው። አንባቢያችን እዚህ ላይ ጥቂት እንዲታገሠን እንለምናለን፤ የአንቀጾቹ ዝርዝር ለአራዳ ብዙ የሚናገረው ነገር አለውና።

በ93ኛው አንቀጽ መሠረት አገሪቱ እያንዳንዱ ወደ 200,000 ነዋሪ በሚይዝ የምርጫ ወረዳ ትከፈላለች፤ እያንዳንዱም ወረዳ ሁለት እንደራሴ ይልካል። ከዚህ በላይ ግን ነዋሪው ከ30,000 የሚበልጥ ከተማ አንድ እንደራሴ፣ ከ30,000 በላይ ላለው ለያንዳንዱ 50,000 ሰው ደግሞ አንድ ተጨማሪ እንደራሴ ይኖረዋል። እ.ኤ.አ. በ1961 በተደረገው ቈጠራ የአዲስ አበባ ሕዝብ 443,728 ሆኖ ተገኝቷል። በዚህ ቁጥር ብናሰላው ለከተማይቱ የሚደርሳት 9 እንደራሴ ነው። ይህም ለ49,000 ያህል ሰው አንድ እንደራሴ ማለት ሲሆን፣ በገጠር ግን አንዱ እንደራሴ የሚቈመው ለ100,000 ሰው ነው። በወረቀት ላይ እንግዲህ የከተማ ሰው ድምፅ የገጠሬውን ድምፅ እጥፍ ይመዝን ነበር። ሕጉ ለከተማ አደላ ቢባል ሐሰት አይደለም።

ታዲያ በዚህ ሚዛን ላይ የሚወጣው ማን ነው? ለመምረጥ 21 ዓመት የሞላው በትውልዱ ኢትዮጵያዊ መሆን፣ በወረዳውም መኖር ይበቃ ነበር። ሴቶችም በዚሁ ሕግ ለመምረጥና ለመመረጥ በቁ። ለመመረጥ ግን 25 ዓመት ከመሙላት በላይ በወረዳው በእርግጥ መኖርና በዚያው ወረዳ የምርጫው ሕግ የሚጠይቀውን ያህል ንብረት መያዝ ያስፈልግ ነበር። ይህን ደንብ ወስደን በፒያሳ መንገድ ላይ ብንሄድበት የሚቀረን ሰው ጥቂት ነው። በሱቁ የታወቀው አርመን፣ ግሪክና ሕንድ ሀብት ቢኖረውም በትውልዱ ኢትዮጵያዊ ስላልሆነ አይመርጥም፤ አይመረጥም። በዶሮ ማነቂያ ቤት ተከራይቶ የሚኖረው ልብስ ሰፊ፣ አስተማሪ፣ የመንግሥት ጸሐፊ ይመርጣል፤ የሚጠየቀው ንብረት ከሌለው ግን አይመረጥም። ሰፊ ቦታና ብዙ ቤት በአራዳ ኖሮት እርሱ ግን በሌላ ሰፈር የሚቀመጠው ባለ ርስት ንብረቱ ቢሟላለትም ነዋሪነቱ ይጐድለዋል። እንግዲህ ከሦስቱም ወገን ሲቀነስ የሚተርፈው በሰፈሩ የሚኖርና በሰፈሩ ሀብት ያለው ኢትዮጵያዊ ብቻ ነው።

ለደንቡ መከራከሪያ አይታጣለትም። ንብረት ያለው ሰው ለጉቦ አይደለልም፤ በሰፈሩ የሚኖርም የሰፈሩን ችግር ያውቃል ይባል ነበር። በእንግሊዝ አገርም ለምክር ቤት የሚወዳደር ሰው ንብረት እንዲኖረው የሚያስገድድ ሕግ እስከ 1858 እ.ኤ.አ. ድረስ ጸንቶ ነበር፤ ስለዚህ ነገሩ ለእኛ ብቻ የተፈጠረ አይደለም። የሆነ ሆኖ በአራዳ ላይ ያደረሰው ውጤት ግልጽ ነው። የተከራዩን ጉዳይ ሊናገር የሚችለው ተከራይ ያልሆነ ሰው ነበረ።

በማዘጋጃ ቤቱም በኩል መንገዱ ሰፊ አልነበረም። በ1937 ዓ.ም. በወጣው የማዘጋጃ ቤቶች አዋጅ የከተማይቱን ከንቲባ የሚሾሙት ንጉሠ ነገሥቱ ሲሆኑ፣ ከነዋሪው ወገን ወደ ምክር ቤቱ የሚገቡት የማይንቀሳቀስ ንብረት ያላቸው ኢትዮጵያውያን ነበሩ። ስለ ውሃ፣ ስለ መንገድ፣ ስለ ቈሻሻ የሚማከረውም ምክር ቤት እንግዲህ የባለ ቤቶች ምክር ቤት ነበር ማለት ነው።

የመጀመሪያው አጠቃላይ ምርጫ የተደረገው በ1950 ዓ.ም. መጀመሪያ ነው። የተመረጡት 210 እንደራሴዎች ነበሩ። የፖለቲካ ማኅበር አልተፈቀደም፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ተወዳዳሪ የሚቀርበው በግሉ፣ በስሙና በዘመዱ ብዛት ነው። በዚህ ምርጫ ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ወደ ሕግ መምሪያው ምክር ቤት የገቡ የመጀመሪያይቱ ሴት ሆኑ፤ ጥቂት ቈይቶም የምክር ቤቱ ምክትል ፕሬዚዳንት ለመሆን በቁ። አባታቸው ከንቲባ ገብሩ ደስታ ከሚስዮናውያን እጅ የተማሩ ሰው መሆናቸውን በሚስዮን ትምህርት ቤት ያደግን ሰዎች ሳንጠቅስ ብናልፍ ይቈጨናል። ምርጫው ከዚያ በኋላ በየአራት ዓመቱ በ1953፣ በ1957፣ በ1961 እና በ1965 ዓ.ም. ተደረገ።

እንደራሴዎቹ ምንም አልሠሩም የሚለውን የተለመደ አነጋገር እኛ አንቀበለውም። በመንግሥት በጀትና በግብር ሕግ ላይ ብርቱ ክርክር ይደረግ ነበር። ነገር ግን የባለ መሬትንና የጭሰኛን ግንኙነት ለማሻሻል የቀረበው ሕግ በዚሁ ምክር ቤት ሳይጸድቅ የዘመኑ ፍጻሜ ደረሰ። ንብረትን ለመመረጫ መስፈርት ያደረገ ምክር ቤት በንብረት ላይ ሕግ ለማውጣት ቢቸገር የሚያስደንቅ አይደለም። የምክር ቤቱ ሕንፃ ከዶሮ ማነቂያ በእግር የሚደረስበት ነው፤ የሰዓቱም ግንብ ከሩቅ ይታያል። በሁለቱ መካከል የነበረው ርቀት ግን በእርምጃ የሚለካ አልነበረም።

መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ ንጉሠ ነገሥቱን ሲያወርድ ምክር ቤቱንም ዘጋ። ከዓመት ያህል በኋላ በሐምሌ 1967 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ለማድረግ አዋጅ ቁጥር 47/1967 ወጣ። የአራዳ የምርጫ ታሪክ ከዚህ የሚበልጥ መገለባበጥ አላየም። ኪራያቸው በወር ከ100 ብር የማይበልጥ ቤቶች ለቀበሌ ተሰጡ፤ ከዚያ በላይ ያሉት በመንግሥት ኪራይ ቤቶች ሥር ገቡ፤ ኪራዩም ተቀነሰ። አዋጁ ላቋቋመው የከተማ ነዋሪዎች ማኅበር አመራር ሲመረጥ ትርፍ ቤትና ቦታ የተወረሰባቸው ሰዎች ለመጀመሪያው ጊዜ ከመምረጥም ከመመረጥም እንዲታገዱ ተደረገ። ትናንት ለመመረጥ ያበቃ የነበረው ንብረት ዛሬ ከመመረጥ የሚያግድ ሆነ። ደንቡ ተገለበጠ እንጂ ደንብነቱ አልቀረም።

ቀበሌው በመጀመሪያ ለአራዳ ተከራይ ትልቅ ነገር ነበር። አስቀድሞ በየትም ምክር ቤት ለመቀመጥ የማይችለው ሰው በሰፈሩ ሊቀመንበር ወይም የፍርድ ሸንጎ አባል ለመሆን በቃ። ዳሩ ግን ብዙ ሳይቈይ በዚያው ጽሕፈት ቤት ብዙ ሥልጣን ተከማቸ። ቤት የሚያከራየው ቀበሌ ነው፤ መታወቂያ የሚሰጠው ቀበሌ ነው፤ ስኳርና ዘይት የሚከፋፈለው በቀበሌ ሱቅ ነው፤ በቀይ ሽብር ዘመንም ሰው ይያዝና ይታሰር የነበረው በቀበሌ ነበር። የመራጮችንም ስም የሚጽፈው ይኸው ሆነ። አከራይህ፣ ባለ ሱቅህና የምርጫ መዝጋቢህ አንድ ሲሆን ድምፅህን በነጻነት መስጠት ምን ያህል እንደሚያስቸግር ረጅም ማስረጃ አያሻውም።

የ1979 ዓ.ም. ምርጫ በአጭሩ የሚታለፍ ነው። በጥር ወር ሕገ መንግሥቱ ለሕዝበ ውሳኔ ቀረበ፤ በሰኔ ደግሞ ለብሔራዊ ሸንጎ 835 አባሎች ተመረጡ። ለያንዳንዱ ወንበር ከአንድ በላይ እጩ ቀርቧል፤ እጩዎቹን የሚያቀርቡት ግን የኢሠፓ አካሎችና በእርሱ ሥር የሚሄዱት ማኅበሮች ነበሩ። መራጩ በስም ለያይቶ ይመርጣል፤ በሐሳብ የሚለይ አልቀረበለትም። ይህ ሸንጎ አራት ዓመት ሳይሞላው በግንቦት 1983 ከመንግሥቱ ጋራ አለፈ።

በ1987 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው ሕገ መንግሥት የመምረጫውን ዕድሜ 18 ዓመት አደረገ፤ ንብረትን ለመመረጥ መስፈርት አላደረገም፤ በያንዳንዱ የምርጫ ክልልም ከተወዳዳሪዎቹ ብልጫ ያገኘ አንድ ሰው እንዲያሸንፍ ወሰነ። አዲስ አበባ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት 23 ወንበር ደረሳት። በ1987 ዋና ዋናዎቹ ተቃዋሚዎች አልተወዳደሩም፤ በ1992 ጥቂት ተወዳደሩ። የአራዳ መራጭ በስምም በሐሳብም የተለያዩ ሰዎች በእርግጥ የቀረቡለት በ1997 ዓ.ም. ነው ብንል ብዙ የሚከራከረን አይኖርም።

ግንቦት 7 ቀን 1997 በከተማይቱ ብዙ የምርጫ ጣቢያዎች ሰልፉ እስከ ሌሊት ዘለቀ። የኢሕአዴግ ምልክት ንብ፣ የቅንጅት ምልክት ሁለት ጣት ነበር። ውጤቱ ሲታወቅ ቅንጅት የአዲስ አበባን 23 ወንበሮች በሙሉ፣ ከከተማው ምክር ቤት 138 ወንበሮችም 137ቱን ወሰደ። ይህ ውጤት በተለይ በአራዳ ረገድ ሊመረመር ይገባዋል። አራዳ የቀበሌ ቤት የሞላበት ስፍራ ነው። አከራዩ አስተዳደሩ ሆኖ ሳለ ተከራዩ በአስተዳደሩ ላይ ድምፅ ሰጠ። ስለዚህ የቀበሌ ቤት ነዋሪ ሁልጊዜ ለገዢው ይገዛል የሚለው አስተያየት፣ የምስጢር ድምፅ በእርግጥ ምስጢር ሆኖ ሲታመን እንደማይጸና ከዚህ እንረዳለን። በእኛ አስተያየት የ1997 ምርጫ ትልቁ ትምህርት ከአሸናፊው ማንነት ይልቅ ይህ ነው።

የተመረጡት ግን ከተማይቱን አላስተዳደሩም። የቅንጅት ተመራጮች ዶክተር ብርሃኑ ነጋን ለከንቲባነት መረጡ፤ በውጤቱ ላይ ክርክር ተነሣ፤ ፓርቲው ወደ ምክር ቤቶቹ ለመግባት ባለመስማማቱ አንዳንዶቹ ብቻ ገቡ። በሰኔ 1997 እና በጥቅምት 1998 በተነሣው ግጭት 193 ሰላማዊ ሰዎች መገደላቸውን አጣሪው ጉባኤ ቈጥሯል። መሪዎቹ ታሰሩ። ከተማይቱም ከግንቦት 1998 ጀምሮ በአቶ ብርሃነ ደሬሳ የሚመራ ባለ አደራ አስተዳደር ተሾመላት። መንግሥት መቀመጫችሁን ያልያዛችሁት እናንተ ናችሁ አለ፤ ተመራጮቹም የተሰረቀ ድምፅ ይዘን አንገባም አሉ። ማናቸውም እውነት ቢኖራቸው የአራዳ መራጭ በገዛ ድምፁ የመረጠውን ሰው በወንበሩ ላይ ተቀምጦ ለማየት ሳይችል ቀረ። በሚያዝያ 2000 በተደረገው ምርጫ ኢሕአዴግ በተራው ከ138ቱ 137ቱን ያዘ።

ቁጥሩ እንዲህ ተገልብጦ መመለሱ ለቀልድ የተመቸ ነው፤ ምክንያቱን ግን በቀልድ አናልፈውም። አንደኛው ምክንያት ተቃዋሚው ከ1997 በኋላ መበተኑና የሚወዳደረው መጥፋቱ ነው። ሁለተኛው ከስሌቱ የሚመጣ ነው። ብልጫ ያገኘ ብቻ በሚያሸንፍበት ሥርዓት፣ የአንዲት ከተማ ሰው በሰፈር ብዙ የማይለያይ ሐሳብ ካለው፣ ከመቶ ጥቂት ሰዎች ሐሳባቸውን ሲለውጡ ወንበሮቹ ሁሉ አንድ ላይ ይዘዋወራሉ። በ2002 ዓ.ም. ከ23ቱ ወንበሮች 22ቱን ኢሕአዴግ ሲያሸንፍ፣ የቀረውን አንድ ወንበር ያገኙት የመድረኩ አቶ ግርማ ሰይፉ ናቸው፤ እርሱም የአራዳ ሳይሆን የመርካቶ አካባቢ ወንበር ነበር። በ2007 ይህም አልተረፈም፤ በመላው አገር 547ቱም ወንበሮች የኢሕአዴግና የአጋሮቹ ሆኑ። በሰኔ 2013 የተደረገውን ምርጫ በኢሕአዴግ ስፍራ የተተካው ብልጽግና ፓርቲ በከፍተኛ ብልጫ አሸነፈ።

አሁን ወደ ወሰኑ ነገር እንመለስ። አዲስ አበባ በ1980ዎቹ በ28 ወረዳ ተከፍላ ነበር፤ በ1995 ዓ.ም. ወረዳዎቹ ቀርተው አሥር ክፍለ ከተሞች ሲቋቋሙ አራዳም አንድ ክፍለ ከተማ ሆነ። የምርጫ ክልሎቹ ግን የጥንቱን የወረዳ ቁጥር እንደ ያዙ ቀሩ። ስለዚህ 23 ክልሎች ብቻ ባሉባት ከተማ 28 የሚል ቁጥር የተሰጠው ክልል ይገኛል፤ ሁለት ቁጥር አንድ ላይ የተሸከመም አለ። ዛሬ አንድ የአራዳ ወጣት የሚኖርበትን ወረዳ ቁጥር ያውቃል፤ የሚመርጥበትን ክልል ቁጥር ግን ጠይቆ ካልሆነ አያውቅም። እንደራሴውን በስም የማያውቀው ሰው ቢበዛ አንዱ ምክንያት ይህ ሳይሆን አይቀርም ብለን እንገምታለን።

ሕገ መንግሥቱ የሕዝብ ቈጠራ በየአሥር ዓመቱ እንዲደረግና የምርጫ ክልሎችም በዚያ ላይ ተመሥርተው እንዲወሰኑ ያዛል። በ1987 ሲጀመር 2,100,000 ያህል ሰው ይኖርባት ለነበረችው ከተማ 23 ወንበር ተሰጠ፤ በ1999ኙ ቈጠራ ነዋሪው ከ2,700,000 በላይ ሆኖ ሲገኝም ወንበሩ ያው 23 ነው። ከዚያ በኋላ ሊደረግ የታሰበው ቈጠራ በተደጋጋሚ ተላለፈ። በዚህ ጊዜ ውስጥ ከተማይቱ ወደ ዳር ሰፋች፤ በመካከል ያለው አራዳ ግን በዚያው ልክ አልጨመረም። እንግዲህ የአንድ አራዳ መራጭ ድምፅ ከዳር ሰፈሩ መራጭ ድምፅ የከበደ ሊሆን ይችላል፤ በ1948 ከተማው በገጠሩ ላይ የነበረው ብልጫ ዛሬ በከተማው ውስጥ መጣ ማለት ነው።

በመጋቢት 2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማቱ ሥራ ምክንያት የፒያሳና የዶሮ ማነቂያ ብዙ ቤቶች ፈረሱ፤ ነዋሪዎቹም ወደ ሌሎች የከተማይቱ ክፍሎች ተዛወሩ። ስለ ቤቶቹ ብዙ ተጽፏል፤ ስለ መራጮቹ መዝገብ ግን ሲጻፍ አላየንም። በ2011 ዓ.ም. በወጣው የምርጫ ሕግ መሠረት መራጭ ለመመዝገብ በምርጫ ክልሉ ውስጥ ቢያንስ ስድስት ወር መኖር አለበት። ከዶሮ ማነቂያ የተነሣ ሰው ይህ ጊዜ ሲሞላለት በአዲሱ ሰፈሩ ይመዘገባል፤ አስቀድሞ ብዙ ሕዝብ በያዘው የዳር ክልል ውስጥም አንድ ይጨምራል። የአራዳው ወንበር በበኩሉ መራጩ ቢያንስም ቁጥሩንና ወሰኑን እንደ ያዘ ይጠብቃል፤ በፈረሰው ቤት ቦታ በሚሠራው ሕንፃ የሚገባው ሰው እስኪመዘገብበት ድረስ።